ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ ነው?

(በሳንሱሲ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እናቶች፣ አባቶች! «በዚህ ዕድሜያችን ማንበብ ምን ያደርግልናል?» ላላችሁን ዛሬ አንድ የፍርድ ነገር እንነግራችኋለን።

አንድ ኢትዮጵያዊ ተሰዶ እንግሊዝ አገር ገባ። አገሬ ብመለስ አደጋ ያገኘኛል ብሎ ጥገኝነት ጠየቀ። ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ግን አላመኑትም። ለምን? ዳኛው አንዱን የኢትዮጵያ የፖለቲካ ድርጅት በሌላው ተሳስተውት ነበር። የድርጅቶቹ ስም እኛንም ያምታታናል፤ የባዕድ አገር ዳኛማ ምን ይሁኑ! ግን ሰውየው ውሸታም የተባለው በዚህ ነው።

ይግባኝ አለ። በሁለተኛው ችሎት ስህተቱን ነቅሶ ያወጣለት አልተገኘም። ጽሑፉ ግን እዚያው መዝገቡ ውስጥ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ነገሩ ከይግባኙ ፍርድ ቤት ሲደርስ ስህተቱ ተነገረ፤ ፍርድ ቤቱም ይግባኙን ተቀበለ።

እዚህ ላይ ጭንቅ ጥያቄ ነበር። ያ ፍርድ ቤት የሚያየው የሕግ ስህተት ነው። የድርጅት ስም መሳሳት ደግሞ የፍሬ ነገር ስህተት ነው። ታዲያ እንዴት ይታያል? ይኸው ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. በሌሎች ስደተኞች ጉዳይ መልሱን ግልጽ አደረገው። እውነቱ የማያከራክር ከሆነ፣ ያሳሳተው ባለጉዳዩ ወይም ጠበቃው ካልሆነ፣ ፍርዱም በስህተቱ ላይ ከቆመ፣ ፍትሕ ስለሚጓደል እንደ ሕግ ስህተት ይቆጠራል አለ። ትክክል ነው እንላለን።

በኛስ አገር? እኛ ዘንድ ለሚጠጋ ስደተኛም የይግባኝ መንገድ አለው። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል።

የእናንተ ሙግት፣ የመሬትም ይሁን የውርስ፣ በፍርድ ቤት ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰው በ90 ቀን ውስጥ ለሰበር ያመለክታል። የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ይቀመጣል። ቀኑ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ ነው እንጂ ጎረቤት ከመከረ ጀምሮ አይደለም።

ሰበር ምስክር እንደገና አይሰማም። ድንበሩ ዋርካው ነው ወይስ ጅረቱ? ይህ ፍሬ ነገር ነው፤ የታች ዳኞች ጨርሰውታል። ዳኛው ያንተን መልስ ሳይሰማ ፈርዶ እንደሆነ ግን ያ የሕግ ነገር ነው። ስለዚህ «ተበደልኩ» እያሉ ማልቀስ ብቻውን አያዋጣም። የትኛው ሕግ፣ የትኛው መስመር ላይ ተጣሰ? ይህን ማሳየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ፍርድ ሲሰጥ መጀመሪያ ከመዝገብ ቤት የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቁ። ሕጉን ጠበቃ ያውቀዋል። ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ፣ ምስክራችሁ ምን እንዳለ፣ የአባታችሁ ስም ማን እንደሆነ ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግልባጩን ጠበቃው ዘንድ ከመውሰዳችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ፣ መስመር በመስመር አንብቡት። ያልተናገራችሁት ቃል ተጽፎ ካገኛችሁ በእርሳስ አስምሩበት።