ድድ ሲደማ መቅኒ ይሰማል

ድድ ሲቆጣ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከደም ሥር ወጥተው በጥርስና በድድ መካከል የተጋገረውን ባክቴሪያ ይውጣሉ። ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ የአጥንት መቅኒ በየቀኑ 100 ቢሊዮን ያህል ያመርታል።

ቁጣው ለወራትና ለዓመታት ሲቆይ ግን ነገሩ አፍ ውስጥ አይቀርም። በታመመ ድድ ማኘክ ብቻ ባክቴሪያ ወደ ደም ያስገባል፤ ከድድ የሚመነጩ የቁጣ ኬሚካሎችም መቅኒ ድረስ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ድዳቸው ክፉኛ የታመመ ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳቸው በመጠኑ ከፍ፣ ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሄሞግሎቢኑ የሚወርደው በዋናነት ሲቦርሹ በሚታየው ደም የተነሳ አይደለም፤ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ብረትን ስለሚቆልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሴል በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ድዳቸው ከታመመ አይጦች የተወሰደ መቅኒ ወደ ጤነኛ አይጦች ሲዛወር፣ ተቀባዮቹ የመገጣጠሚያ ቁጣ እንደሚበረታባቸው አሳየ። መቅኒ ቂም ይይዛል ማለት ነው። በሰው ላይ ይህን ያህል የጠራ ማስረጃ ገና የለም።

በካሊፎርኒያ ሄይዋርድ፣ ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ1,500 በታች የሆነ ኒውትሮፊል ሲያገኙ ውጤቱ ላይ "ዝቅተኛ" የሚል ምልክት ያደርጋሉ። በእስራኤል በቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ጨምሮ፣ ከዚህ መጠን በታች ሆነው ፍጹም ጤነኛ የሆኑ ኢትዮጵያውያን መኖራቸው ታይቷል። ዋናው ምክንያት ዳፊ የተባለው ምልክት በቀይ የደም ሕዋስ ላይ አለመኖሩ ነው፤ ይኸው ባሕርይ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ከሚያመጣው ሕመምም በእጅጉ ይከላከላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ድዱ ታሞ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ወረቀቱ ላይ "ደህና" ሊባል ይችላል። የሚሻለው ውጤቱን ከራሱ ከቀድሞው ውጤት ጋር ማስተያየት ነው። ዝቅ ያለው ቁጥር ተደጋጋሚ ትኩሳትና የአፍ ቁስል ካስከተለ ግን "የዘር ነው" ተብሎ አይታለፍም፤ እውነተኛ የኒውትሮፊል እጥረት ድድን ራሱን ያፈርሳል።

የታመመ ድድ ከሥሩ ሲጸዳና ሲታከም በደም ውስጥ የሚለካው የቁጣ ምልክት ይቀንሳል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2009 የቀነሰችውን የአዋቂዎች የጥርስ ሕክምና ሽፋን ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ስለመለሰች፣ ሜዲ-ካል የተባለው የግዛቷ የጤና መድን ያለው ሰው ይህን ጽዳት በዚያው ሽፋን ሊያገኝ ይችል ይሆናል።