አሮጌው ካሜራ መቼ ይለወጥ?

በማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በሥራው ምክንያት ከወረዳ ወረዳ የሚዘዋወር፣ በትርፍ ጊዜውም ፎቶግራፍ የሚያነሣ አንድ የውሃ መሐንዲስ አለ እንበል። ካሜራው በ2008 እ.ኤ.አ. ለገበያ የዋለው ኒኮን ዲ90 ሲሆን፣ 12 ሚሊዮን ያህል ፒክሰል አለው። በከተራ ምሽት ያነሣው ሁሉ ደብዝዞበት ከተመለሰ ወዲህ ግን ልቡ ከካሜራው ሸፍቷል። ለቤቱ ጣሪያ ማደሻ ካስቀመጠው ገንዘብ ቀንሶ አዲስ ለመግዛት ያስባል፤ ባለቤቱ ደግሞ ክረምት መምጣቱ እንደማይቀር ታስታውሰዋለች። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ሰው በምኞት ሳይሆን በሙያው ሥርዓት ይወስን ዘንድ ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባው ማመልከት ነው።

ቴክኒኩ ወደ ፊት መራመዱ አያከራክርም። በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሳሶን በኮዳክ ኩባንያ የሠራው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ፒክሰል ብቻ ነበረው፤ አንዱን ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ 24 ሚሊዮን ፒክሰል ያለው ካሜራ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን የቴክኒክ መራመድ አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ ሰው ችግር መፍትሔ መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

አስቀድሞ የፒክሰሉን ጉዳይ እንመልከት። 30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም ቢፈለግ የሚያስፈልገው 8.4 ሚሊዮን ፒክሰል ያህል ነው። እንግዲህ ለግድግዳ የሚሰቀል መልካም ፎቶግራፍ ከአሮጌው ካሜራ ይገኛል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ፒክሰሉ ከ12 ወደ 24 ሚሊዮን ቢያድግ፣ በቁመትና በወርድ የሚጨመረው 41 በመቶ ብቻ እንጂ እጥፍ አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው። ብርሃን ቅንጣት በቅንጣት የሚደርስ በመሆኑ፣ ጥቂት ሲሆን ፎቶግራፉ ነጠብጣብ ይበዛበታል፤ ብርሃኑ 4 እጥፍ ሲሆን የነጠብጣቡ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። የዲ90 ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ 23.6 በ15.8 ሚሊሜትር ነው። ወደ ትልቁ፣ ማለትም ወደ 36 በ24 ሚሊሜትሩ ሰሌዳ የተሻገረ ሰው 2.3 እጥፍ ስፋት ያገኛል። በአንጻሩ ቀዳዳው እስከ 5.6 ብቻ የሚከፈተውን ሌንስ አውልቆ፣ በዚያው በአሮጌው ካሜራ ላይ እስከ 1.8 የሚከፈት ሌንስ የገጠመ ሰው 9.7 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በ1/15 ሴኮንድ ይነሣ የነበረው በ1/125 ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠባል፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን ያለ ምርመራ አይታዘዝም። ድልድይ የተሰነጠቀበት መሐንዲስ ምክንያቱን ሳያውቅ አፍርሶ አይሠራም። ፎቶግራፍ አንሺውም የተበላሹበትን መቶ ፎቶግራፎች አውጥቶ በየምክንያታቸው ይለያቸው። የእጅ መንቀጥቀጥ ከሆነ መድኃኒቱ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ነው። የሚነሣው ሰው ተንቀሳቅሶ ከሆነ መቆሚያውም፣ በአዳዲስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ መከላከያም አይረዳውም፤ የሚረዳው ፈጣን መዝጊያ፣ ለዚያም በቂ ብርሃን ነው። አቋቋሙና የብርሃኑ አቅጣጫ ያልተመረጠ ከሆነ ደግሞ የሚሻሻለው ሰውየው ነው። በዚህ ምክንያት ለተበላሸው አዲስ ካሜራ መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

አዲስ ካሜራ በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። መስተዋት የሌላቸው የዛሬዎቹ ካሜራዎች የሰውን ዓይን ለይተው እየተከተሉ ያነጣጥራሉ፤ የሚሮጥ ሕፃን ወይም የሚበር ወፍ ለሚያነሣ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ከተበላሹት መቶዎች አብዛኞቹ በማነጣጠር ስሕተት የጠፉ ከሆኑ፣ ወይም የካሜራው መዝጊያ ሞቶ መለዋወጫ ከታጣ፣ መግዛቱ ተገቢ ነው። በዚያን ጊዜም ዋጋው የካሜራው ብቻ አይደለም። የቀድሞው ሌንስ ያለ ማገናኛ ላይገጥም ይችላል፤ ባለ 45 ሚሊዮን ፒክሰል ፎቶግራፍም ከባለ 12 ሚሊዮኑ 4 እጥፍ ለመድረስ ጥቂት የቀረው ማከማቻ ይፈልጋል።

ስለ ማከማቻ ከተነሣ ዘንድ፣ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የዚያ መሐንዲስ የዓመታት ድካም፣ በሕይወት የሌሉት አባቱ የመጨረሻ ፎቶግራፍ ጭምር፣ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ካሜራ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ያ ፎቶግራፍ ግን በምንም ገንዘብ አይመለስም። አንድ ፓምፕ ብቻ ይዞ ለከተማ ውሃ አቀርባለሁ የማይል ሰው፣ በራሱ ቤት ግን ይህን ስሕተት ፈጽሞት ይገኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ በመጀመሪያ ሁለተኛ ዲስክ ተገዝቶ ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ ቀጥሎ የተበላሹት ይመርመሩ፤ ምክንያቱ የብርሃን ማነስ ከሆነ ሌንሱ ይለወጥ፤ ካሜራው ግን የመጨረሻው ይሁን፤ እርሱም ቢሆን ከወዳጅ ተውሶ ከተሞከረ በኋላ። የዚያ መሐንዲስ ገንዘብ በዚህ መንገድ ለዲስኩም፣ ለሌንሱም፣ ለጣሪያውም ይበቃ ይሆናል።

እናቱ ግን ዛሬም በሕይወት አሉ። እርሳቸውን በደጃፋቸው፣ በጠዋት ብርሃን ለማንሣት አሮጌው ካሜራ ምንም አይጎድለውም፤ የሚጎድለው ቀጠሮ ብቻ ነው።