የውሃ ጎማችንና የወጪ ደብተራችን

(በአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ክፍል ሲናገር ስለ ቁጠባና ብድር እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ዛሬ ግን የምናነሣው የጓሮ አትክልታችንን ስለምናጠጣበት የውሃ ጎማ ነው። የዓመቱን የወጪ ደብተር ስንዘጋ “የውሃ ጎማ መግዣ” የሚል ሦስት ቦታ ተጽፎ አገኘን። የመጀመሪያው በደጋፊዎቻችን ገንዘብ የተገዛ ነው። ሁለቱን የገዛነው ግን ጎመንና ሰላጣ ሸጠን ካገኘነው ነው።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ መሆኑን ታውቃላችሁ። አንድ ሌሊት ተረኞቻችን በባትሪ ብርሃን የተተበተበ ጎማ ሲፈቱ ቆይተው፣ ግማሹ መደብ ሳይጠጣ ውሃው ሄደ። “ማን ነው እንዲህ ጥሎት የሄደው?” በሚል ሁለት እህቶች ተኳርፈው ሰነበቱ። ሁለተኛው ጎማ ተሰንጥቆ ሲገኝ ደግሞ ጥፋቱን በዕድሜ ትልቋ እናታችን ላይ ጥለን ቅጣት ልናስከፍላቸው ደርሰን ነበር። ጎማውን አገላብጠን ስናየው ግን የተሰነጠቀው ምስማሩ ላይ በታጠፈበት ቦታ ነው። ምስማሩን ያስመታነው ደግሞ ሁላችንም ተስማምተን ነው። ስለዚህ ዛሬ በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ጎማ ለምን ይተበተባል? ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስንጠቀልለው በእያንዳንዱ ዙር ይጠመዘዛል። ሲዘረጋ ጥምዝምዙ ይታጠፍና ውሃውን ያንቃል።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ቧንቧውን ዘግተን ጎማውን ቀጥ አድርገን እንዘረጋዋለን። ከአንደኛው ጫፍ ከፍ እያደረግን ውሃውን እናፈሳለን፤ ውሃ የያዘ ጎማ ይከብዳል፣ አልታዘዝም ይላል። ከዚያ እንደ እንጀራ ምጣድ ሰፋ ባለ ክብ እንጠቀልላለን። አንዱን ዙር እንደ ልማዳችን፣ ቀጣዩን እጃችንን ገልብጠን በተቃራኒው እናዞረዋለን። አንዱ ዙር የጠመዘዘውን ሌላው ይፈታዋል። ጫፉ በዙሮቹ መሀል እንዳያልፍ ብቻ እንጠንቀቅ፤ ካለፈ ሲዘረጋ ቋጠሮ በቋጠሮ ይሆናል። ይህ ያስቸገራት እህት መሬት ላይ በ8 ቁጥር ቅርጽ እየደራረበች ታስቀምጠው፤ ውጤቱ ያው ነው። በመጨረሻ ሁለት ቦታ ላይ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርገን እናስረዋለን።

ምስማሩን ነቅለን በቦታው አሮጌ የመኪና ቸርኬ ግድግዳው ላይ አሰርን። ክብ ስለሆነ ጎማውን አያጥፈውም። ቦታውም ከጣሪያ ሥር ጥላ ነው፤ ፀሐይ ጎማን አድርቃ ትሰነጥቃለችና።

ከቸርኬው አጠገብ ወረቀት ለጥፈናል። ተረኛዋ ጠቅልላ ስትጨርስ ትፈርማለች። ፊርማው ለቅጣት ሳይሆን፣ ሌላ ጊዜ ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይወቀስ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በሚመጣው ዓመት ደብተር ላይ “የውሃ ጎማ መግዣ” የሚል መስመር ማየት አንፈልግም። ያ ገንዘብ ዘር ይግዛልን። ደጋፊዎቻችንም የሰጣችሁን በእጃችን እንደሚቆይ እንድታዩ እንፈልጋለን።

ስብሰባው ሲያልቅ ጓሮ እንወጣና ሁላችንም እንሞክረዋለን። የሚያሳዩን ትልቋ እናታችን ናቸው፤ አጠቃለሉን ከሁላችን ቀድመው የለመዱት እሳቸው ናቸው።