መውላና አቡል ከላም አዛድ፦ ወገናቸው ቢርቃቸውም ከወገናቸው ያልራቁት ዓሊም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የህንዱን ዓሊምና ፖለቲከኛ የመውላና አቡል ከላም አዛድን ሕይወት እናወሳለን። ስለ ታላላቅ ሰዎች ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ድላቸውን ነው። የእኚህ ሰው ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፦ እውነት ነው ብለን የያዝነው አቋም ሲሸነፍና የገዛ ወገናችን ፊቱን ሲያዞርብን ምን ማድረግ ይገባናል? ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዛድ የተወለዱት በ1888 በተከበረችው መካ ነው። አባታቸው ህንዳዊ ዓሊም ሲሆኑ፣ እናታቸው የአንድ የመዲና ዓሊም ልጅ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ህንድ፣ ካልካታ ከተማ ተዛወረ። አዛድ መደበኛ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በቤታቸው ከአባታቸውና ከኡስታዞች ቀርተው አደጉ። «አዛድ» ማለት ነፃ ማለት ሲሆን፣ ራሳቸው የመረጡት የብዕር ስም ነው።

በ1912 በካልካታ «አል-ሂላል» የተሰኘ ሳምንታዊ ጋዜጣ በኡርዱ ቋንቋ ማሳተም ጀመሩ። ያኔ ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ራሳቸው እንደጻፉት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የጋዜጣው ሥርጭት በሳምንት 26,000 ቅጂ ደረሰ። መንግሥት በመጀመሪያ 2,000 ሩፒ፣ ቀጥሎም 10,000 ሩፒ ዋስትና አስይዞ ሁለቱንም ወረሰ፤ በመጨረሻም ጋዜጣው ተዘጋ። በ1916 ከካልካታ ተባረው ራንቺ በምትባል ከተማ በግዞት ተቀመጡ። በ1922 ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ግፈኛን መንግሥት ግፈኛ ማለት የሙስሊም ግዴታ መሆኑን በጽሑፍ አስረዱ። አንድ ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደባቸው።

በ1923 በ34 ዓመታቸው ለህንድ ነፃነት የሚታገለው የኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1940 እንደገና ተመርጠው እስከ 1946 መሩት። በነሐሴ 1942 ከነኔህሩ ጋር ተይዘው በአህመድናጋር ምሽግ ታሰሩ። ባለቤታቸው ዙለይኻ ቤገም ካልካታ ውስጥ በጠና ታመሙ። የእስር ቤቱ ኃላፊ ለመንግሥት የሚያቀርቡት ጥያቄ ካለ ወዲያው እንደሚያስተላልፍላቸው ነገራቸው። እሳቸው ግን ከዚህ መንግሥት ምንም አልለምንም አሉ። ዙለይኻ በሚያዝያ 1943 ሞቱ። አዛድ በ1945 ተፈትተው ካልካታ ሲገቡ ሕዝቡ በአበባ ጉንጉን ተቀበላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው የሸኟቸውን ባለቤታቸውን አስታወሱና መኪናውን ወደ መቃብሩ አስመለሱ። ከጉንጉኖቹ አንዱን በመቃብሩ ላይ አኑረው፣ በጸጥታ ፋቲሓ ቀሩ።

ውድ አድማጮቻችን! ከዚህ የከበደው ፈተና ግን ከወገን የመጣው ነበር። በመጋቢት 1940 አዛድ በኮንግረስ ጉባዔ ላይ በእስልምናቸው እንደሚኮሩ፣ ህንዳዊነታቸውንም እንደማይተው ተናገሩ። በዚያው ሳምንት በሙሐመድ ዓሊ ጂናህ የሚመራው ሙስሊም ሊግ ላሆር ላይ ተሰብስቦ ሙስሊሞች የራሳቸው ግዛት እንዲኖራቸው ጠየቀ። ይህን የደገፉ ሙስሊሞች በብዙኃኑ ሂንዱ አገዛዝ ሥር እንዳይዋጡ ሰግተው ነበር፤ ስጋታቸውም እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። አዛድ ደግሞ አገሪቱ ብትከፈል በህንድ የሚቀሩት ሙስሊሞች ይበልጥ ይዳከማሉ ብለው ሰጉ። ጂናህ ኮንግረስ ለታይታ ያስቀመጣቸው ሙስሊም ናቸው ሲሉ ነቀፏቸው። ከዚያ በኋላ በተደረገው የማዕከላዊ ምክር ቤት ምርጫ ለሙስሊሞች የተመደቡትን 30 መቀመጫዎች በሙሉ ሊጉ አሸነፈ። በነሐሴ 1947 አገሪቱ ተከፈለች።

በዴልሂ ደም ፈሰሰ። ሙስሊሞች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። አዛድ «ነግሬያችሁ ነበር» ብለው በራቸውን አልዘጉም። ቤታቸው በስደተኞች ሲሞላ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን አስተከሉ። በዚያው ዓመት በታላቁ የዴልሂ ጃሚዕ መስጂድ በፍርሃት ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር አደረጉ። ያለፈውን ቅሬታ አልደበቁም፤ ነገር ግን አባቶቻቸው የሠሯቸውን መስጂዶች ትተው በፍርሃት እንዳይሸሹ ተማጸኗቸው።

ከ1947 ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1958 ድረስ የነፃይቱ ህንድ የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። በ1951 በአገሪቱ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ ነበር። መደበኛ ትምህርት ቤት ያልገቡት እኚህ ሰው በዚያው ዓመት በካራግፑር የመጀመሪያውን የህንድ ቴክኖሎጂ ተቋም መረቁ፤ በ1953 ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎችን ኮሚሽን ሥራ አስጀመሩ። የተቀበሩት በዚያው በጃሚዕ መስጂድ አጠገብ ነው። ከ2008 ጀምሮም የልደት ቀናቸው፣ ኅዳር 11፣ በህንድ የትምህርት ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በአገር መከፈል ላይ የአዛድ አስተያየት ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የማያከራክረው ግን ከተሸነፉ በኋላ ያደረጉት ነው። በየቤታችን፣ በየመስጂዳችን ሐሳባችን ተቀባይነት ሲያጣ ስንቶቻችን ነን አኩርፈን የምንቀረው? ወንድማችን ምክራችንን ሳይሰማ ቀርቶ ሲቸገር ስንቶቻችን ነን በሆዳችን «ይበለው» የምንለው? እውነተኛ ሶብር በእስር ቤት ብቻ አይደለም የሚፈተነው፤ ላልሰማን ሰው በራችንን ስንከፍትም ይፈተናል።

አላህ ለመውላና አዛድ ይዘንላቸው። እኛንም ከቂም የጠራ ልብ ይስጠን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።