የጀልባ ሞተር መተኪያ ዋጋ
(በደብረ ብርሃን ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)



በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ ጀልባ ሞተር መናገር አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ይሁንና ቱርቦ የሌለው ጭነት መኪና ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የነዳ ሁሉ የነገሬን መነሻ ያውቀዋል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። እዚያ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት የቤንዚን ሞተር ከመቶ 18 ያህሉን ያጣል፤ የሚቀረው 33 ግድም ነው። ለከፍታው የሚስማማ ፕሮፔለር ካልተገጠመለት ተገቢውን ዙር ሳያገኝ ተጨንቆ ይሠራል። ስለዚህ «ደከመ» የተባለ ሞተር ሁሉ ይተካ ከማለት በፊት ፕሮፔለሩንና ካርቡራተሩን መመርመር ይገባል።

የጣና ዓሣ አስጋሪ ከጥንት ጀምሮ የሚቀዝፈው ታንኳ ሲያረጅ መተኪያው ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፤ ደንገል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባ ለዓሣ ሥራ ሲገባ ግን መተኪያው ከባሕር ማዶ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ሆነ። የአስጋሪዎች ማኅበር በአሮጌው ደረሰኝ ልክ ገንዘብ ቢያጠራቅም ምን ይገጥመዋል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያ ቁጠባ እንግዲህ ግማሽ ሞተር ይገዛ ይሆናል፤ በግማሽ ሞተር ደግሞ መረብ አይጣልም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ደረሰኙ የትናንቱን ዋጋ፣ በሞተሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም የባሕር ጠረፉን ጉልበት ይዘው ይኖራሉ። የእኛ የሙያ ግዴታ ሁለቱንም ማረም ነው። ለገዢው በቦታው የሚገኘውን ጉልበት እንንገረው፤ የመተኪያውን ተቀማጭ በየዓመቱ በወቅቱ ገበያ እንዲያሰላ፣ ፕሮፔለርና መለዋወጫም ከዋጋው ውስጥ እንዲያስገባ እንምከረው።

ይህ ስሌት በአንኮበር እህል ለሚፈጭ የናፍጣ ሞተርም ያው ነው። ሞተሩ ቆሞ መተኪያው ሲታጣ፣ እህሏን ተሸክማ የመጣች እናት ሳታስፈጭ ትመለሳለች። የስሌታችንን ስሕተት የምትከፍለው እርሷ ናት።