ለሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ የመረጃ ሶፍትዌር አመራረጥ



የላቦራቶሪ ሥራ የሚመዘነው በምርመራው ትክክለኛነት ብቻ አይደለም፤ ውጤቱ ለሚጠባበቀው ሰው በወቅቱ በመድረሱም ጭምር ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ ከሚገኝ እናት የተወለደ ሕፃን በ6 ሳምንት ዕድሜው የደም ጠብታ ተወስዶለት ይመረመራል። ቫይረሱ ከተላለፈባቸው ሕፃናት መካከል ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ 2 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ የታወቀ ነው። ምርመራው በጥራት ተከናውኖ ውጤቱ በመንገድ ቢቀር፣ ያ ሕፃን እንዳልተመረመረ ይቆጠራል። ለላቦራቶሪ የሚመረጠው ሶፍትዌርም መፈተን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።

ብዙውን ጊዜ ምርጫው የሚጀመረው ሻጩ ከሚያሳየው ነገር ነው። ሠንጠረዡና ሥዕሉ ዓይን ይስባል፤ ዋጋ ይጠየቃል፤ ውል ይፈረማል። ይሁን እንጂ በቅድሚያ መጻፍ ያለበት ናሙናው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ውጤቱ ወደ ሕመምተኛው ካርድ እስኪመለስ ድረስ ያለው ጉዞ ነው። ናሙናውን ማን ይረከባል? ውድቅ ሲሆን ለማን ይነገራል? ውጤቱን ማን ያጸድቃል? የእነዚህን መልስ ያላወቀ ላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ቢገዛ የነበረውን ዝርክርክነት ያፋጥናል እንጂ አያስወግድም።

የሐዋሳ ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ከተማይቱ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ርእሰ ከተማ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተቋቋሙ። ጤና ጣቢያዎቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ክልላቸው ተለወጠ። የክልሎች ዝርዝር የማይለወጥ ሆኖ የተሠራበት ሶፍትዌር በእንዲህ ያለ ጊዜ የቆየውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር ማገናኘት ይሳነዋል። ስለሆነም እያንዳንዱ ጤና ተቋም የራሱ ቋሚ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ የሚገኝበት ክልልም ከነዘመኑ ሊመዘገብ ይገባል።

የአገሩ ልማድም ሌላው መመዘኛ ነው። በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት የተወሰደ ደም፣ ሶፍትዌሩ በውጭው አገር ሰዓት ቢያነበው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንደተወሰደ ይቆጥረዋል። የቫይረስ መጠን ለመለካት የደሙ ፈሳሽ ክፍል ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መለየት ሲኖርበት፣ የ6 ሰዓት ስሕተት ደኅናውን ናሙና ያስጥላል። የ13 ወሩ የዘመን አቈጣጠርም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ደግሞ በስም፣ በአባትና በአያት ስም ለሚጠራ ሕዝብ አይስማማም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ስምን በላቲን ፊደል ብቻ ለማስጻፍ የሚቀርብ ምክንያት የለም።

ስለ ዋጋ ሲነሣ ኦፕንኢሊስና ሴናይት የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ናቸው። ይሁንና ሥልጠናው፣ ከመመርመሪያ መሣሪያዎች ጋር ማገናኘቱ፣ የመጠባበቂያ ቅጂውና ጥገናው ወጪ አለው። የሚሸጠውም ቢሆን በየዓመቱ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። አገሪቱ የምትሠራበት ዲኤችአይኤስ2 በዋናነት የጤና ተቋማትን ድምር ሪፖርት ይይዛል፤ የአንዲት ናሙና ጉዞ መከታተያ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ሁለቱ መረጃ መለዋወጥ አለባቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በውሉ ላይ ሁለት ነገሮች በግልጽ ይስፈሩ። አንደኛው መረጃው የላቦራቶሪው ንብረት መሆኑና ውሉ ሲያበቃ በማንኛውም ሌላ ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል መልክ እንዲመለስ ነው። የዕርዳታ ፕሮጀክት ማብቂያ ቀን አለው፤ የሕመምተኛው መዝገብ ግን ከዚያ በኋላም ያስፈልጋል። ሁለተኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠይቀውን ምስጢር መጠበቅ ነው፤ ማን ምን እንዳየና እንዳረመ ሶፍትዌሩ ራሱ መዝግቦ ይያዝ።

ከመፈረም በፊት ሶፍትዌሩ ከወረቀቱ መዝገብ ጎን ለአንድ ወር ይሠራበት። የሚፈተነውም ሻጩ አሰናድቶ ባመጣው ምሳሌ ሳይሆን ስሙ በተሳሳተ፣ ሰዓቱ ባልተጻፈ፣ ናሙናው በፈሰሰ እውነተኛ የምርመራ መጠየቂያ ይሁን። መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቋረጥም ይታይ። በመራጩ ኮሚቴ ውስጥ ከኃላፊዎች ጋር ናሙና ተቀባዩና መዝጋቢው ይቀመጡ፤ የቀረ ውጤት ለመጠየቅ የሚመጣውን ሰው በየዕለቱ የሚያነጋግሩት እነርሱ ናቸውና።