የመደፈር አቤቱታ ሲሰማ (በእድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንዲት ልጅ «ተደፈርኩ» ብላ ስትመጣ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ማለት ምርመራ አይደለም፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን በወረቀት ከረጢት ይዛ ቶሎ ሐኪም ቤት ትሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ ይቅር! የ1949ኙ ሕግ ደፋሪውን በጋብቻ ያስመልጥ ነበር፤ የ1996ቱ ያንን ሽሮታል።

የተከሰሰውስ? ቅጣቱ በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ ይቆጠር ይላል። ታዲያ እናቱን ከእድር ማግለል የማን ፍርድ ነው?

ምስክሮች ያያችሁትን ብቻ ለፖሊስ ንገሩ። የቡና ላይ ወሬ ከተደባለቀበት፣ ተከላካይ ጠበቃው የልጅቱንም እውነት አብሮ ያፈርሰዋል።